ሬሳ የሚደርቀው በኃጢአቱ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቼ ሳይቀሩ ልከውልኛል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። እኔም ማን ናቸው ብዬ አላጣራሁም፤ ጉዳዬ ከጽሑፉ ጋር ነው።

ጽሑፉ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ሰው ከሞተ በኋላ ገላው ላይ የሚታየው ሁሉ ስለ ሰውዬው ይመሰክራል። ቶሎ የደረቀ ቂም ወይም ኃጢአት ይዞ ሄዷል፤ ለስላሳ የሆነ ይቅር ተብሏል። ጀርባው የጠቆረ ተመትቷል፤ ካልተመታም ተመርዟል። ፊቱ ቀላ ያለ ጻድቅ ነው። ከአፍና ከአፍንጫው ደም ከወጣ ገዳዩ እዚያው ቆሟል። ቶሎ የሸተተ እንደ ሥራው ነው፤ ያልሸተተ የተመረጠ ነው። ሬሳ ያደረበት ቤት ሰፈሩን በበሽታ ይበክላል። ጥፍርና ፀጉር ማደግ ስለሚቀጥሉ ሟቹ እስከ ሦስት ቀን ገና አልሞተም። ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች። ማሳረጊያው ደግሞ ምክር ነው፦ የሚያጥቡና የሚገንዙ ሰዎች ምልክቶቹን እያዩ ለቅሬው፣ ማለትም ለእድሩ፣ ይንገሩ፣ ቅሬውም ከቀብር በፊት ቤተሰቡን ይመርምር።

ይቺ ምክር ባትኖር ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ሰው ስለ ሞት ብዙ ያወራል፣ ምን ይደረጋል። ግን እኔ ነርስ ነኝ፣ የቅሬም አባል ነኝ። ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገረውም። ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆማል። ያ ቅሬ ሬሳ እያገላበጠ ይፍረድ ከተባለ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ገናዥ «ጀርባው ጠቁሯል» ብሎ ሹክ ካለ ወሬው ከሸዋ በር ፒያሳ ለመድረስ የአንድ ባጃጅ ጉዞ እንኳ አይፈጅበትም። ባሏን ያጣችው ሴት በሰልስቱ ተከሳሽ ሆና ትቀመጣለች። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከመድረቁ ልጀምር። ጡንቻ ለመኮማተር ጉልበት ይፈልጋል፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ለመላላትም ጉልበት እንደሚፈልግ ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው ኤቲፒ የሚባል ኬሚካል ነው። ጡንቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉ። ተያይዘው ይሳሳባሉ፤ ኤቲፒ ደግሞ ያላቅቃቸዋል። ሰው ሲሞት ትንፋሽ ይቆማል፣ ኦክስጅን ይቋረጣል፣ ኤቲፒው ቀስ በቀስ ያልቃል። ያኔ ክሮቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ሬሳው ደረቀ የምንለው ይሄንን ነው።

ጊዜውም የታወቀ ነው። ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የዓይን ሽፋን፣ መንጋጋና አንገት ይጀምራሉ። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅም እግርም ይገትራል። በኋላ ጡንቻው ራሱ መፈራረስ ሲጀምር ድርቀቱ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለቆ ያልቃል። በሙቀት ይፈጥናል፣ በብርድ ይዘገያል። ትኩሳት ላይ ሰንብቶ የሞተ፣ ሲያንቀጠቅጠው የሞተ፣ ሲሮጥ ወይም ሲታገል የሞተ ሰው ኤቲፒውን አስቀድሞ ስለጨረሰ ቶሎ ይደርቃል። የከሳ ሽማግሌና ሕፃን ላይ ደግሞ ድርቀቱ ደካማ ስለሆነ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል።

እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ። ንጋት ላይ የሞተ ሰው ወዲያው ለስላሳ ነው። ማታ ይገትራል። በሦስተኛው ቀን እንደገና ይላላል። ታዲያ ጠዋት ይቅር ተባለ፣ ማታ ተኮነነ፣ በሰልስቱ ምሕረት ወረደለት ልንል ነው? በወባ ትኩሳት ሲቃጠል ሰንብቶ የሞተ ምስኪን ቶሎ ስለደረቀ ብቻ ቂመኛ ነበር መባሉስ?

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ናቸው። ዓይኑ ይከደን፣ አገጩ ይታሰር፣ እጅና እግሩ ይስተካከል፣ ይሄም ሳይዘገይ ይደረግ ብለዋል። ትክክል ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የኤቲፒን ስም ሳይሰሙ ይሄን ያውቁ ነበር። ክርስቲያኑ የሟቹን አውራ ጣቶች ያስራል። ሙስሊሙ መገጣጠሚያዎቹን በቀስታ አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ያላላል። ዓይኑ ሳይከደን ከቀረ ብሌኑ በጥቂት ሰዓት ይደበዝዛል። ነጩ ላይም ከድርቀት የተነሣ ጥቁር መስመር ሊወጣ ይችላል። ያቺን መስመር አይቶ ሌላ ወሬ የሚያመጣ ደግሞ አይጠፋም።

ጀርባ መጥቆሩ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ብዙ ሰው በከንቱ የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው።

ልብ ሲቆም ደም የሚገፋው ያጣል። ጀበና ከእሳት ወርዶ ሲቀመጥ አተላው እንደሚዘቅጥ ደሙም ወደ ታች ይወርዳል። ሰውዬው በጀርባው ተኝቶ ከሆነ ጀርባው፣ ወገቡና ባቱ ላይ ይከማቻል። በደረቱ ተደፍቶ ከሞተ ፊቱና ደረቱ ይጠቁራል። ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ እየሰፋም ይሄዳል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሆነው ባለበት ይረጋል። ሳይረጋ በፊት ጣት ቢጫኑበት ይነጣል፤ ከረጋ በኋላ አይነጣም። ሳይረጋ ሬሳው ቢገላበጥ ደሙ ወደ አዲሱ ታች ይወርዳል። የፖሊስ ሐኪሞች «ሬሳው ከሞተበት ቦታ ተነሥቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ የሚያገኙት አንዱ ከዚህ ነው። ስለ ዱላ የሚነግራቸው ነገር ግን የለም።

ጸሐፊው «የዱላ ቅርጽ» ያሉትን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጀርባው ሁሉ ጠቁሮ ትከሻው፣ መቀመጫውና ተረከዙ ላይ ነጣ ያሉ ቦታዎች ይታያሉ። እነዚያ ከአልጋው ወይም ከመሬቱ ጋር የተጫኑ ቦታዎች ናቸው። የደም ሥሮቹ ስለተጨፈለቁ ደም አይገባባቸውም። ቀበቶ፣ መቀነት፣ የአንሶላ እጥፋት ሳይቀር ነጭ መስመር ያወጣል። «በገመድ ታስሮ ነበር» የተባለለት መስመር መቀነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ዱላ ያረፈበት ቦታ ሌላ ነው። ደሙ ከሥሩ ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ይፈሳል። ያብጣል፤ ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ሬሳው በተኛበት በኩል ብቻ ሳይሆን የትም ሊገኝ ይችላል። ያም ሆኖ በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል። ሬሳ የሚመረምረው የፎረንሲክ ሐኪም እርግጠኛ ለመሆን ቆዳውን ሰንጥቆ ከሥሩ ደም መፍሰሱን ያያል። እሱ ቢላ ይዞ የሚጠነቀቅበትን ነገር እኛ በፋኖስና በባትሪ እንፍረድ?

መርዙስ? አብዛኛው መርዝ ቆዳ ላይ ተጽፎ አይገኝም። የሚታወቀው ከደም፣ ከሽንት፣ ከጉበትና ከጨጓራ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ሲገባ ነው። ጀርባ አይቶ መርዝ የሚለይ ሰው ካለ ላቦራቶሪው ለምን ተከፈተ?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ይሄ ጥቁረት ቀይ ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቁር ሰው ላይ ግን ልብ ላይባል ይችላል። በጸሐፊው ሕግ ከሄድን የቀይ ሟች ቤተሰብ ሁልጊዜ ይጠረጠራል፣ የጥቁሩ ነፃ ይወጣል። ቀይ መሆንም ወንጀል ሆነ ማለት ነው!

«ፊቱ የቀላ ጻድቅ ነው» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ሌሎቹ ስም ያጠፋሉ። ይሄ ሰው ሊገድል ይችላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሰው ማንደጃ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ያስገባል። በሩን ይዘጋል፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ይወትፋል። ከሰሉ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስል። ጭሱ አልፎ ፍሙ ሲቀላ «አሁንማ ነዷል፣ ይግባ» ይባላል። ጋዙ ግን ከፍሙም ይወጣል።

ይሄ ጋዝ ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል። አያያዙ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ። ጋዙ የያዘው ደም ደማቅ ቀይ ነው። ስለዚህ ሬሳው ላይ የሚዘቅጠው ደም ወይን ጠጅ መምሰሉ ቀርቶ ቀይ ወይም ሮዝ ይሆናል። ጠይምና ጥቁር ሰው ላይ የከንፈሩን ውስጥ፣ ድዱን፣ መዳፉንና ጥፍሩን ማየት ነው። የተኛ ይመስላል። መልኩ ያማረ ይመስላል። «አቤት አሟሟት!» ይባልለታል።

እንዲህ ዓይነት ሬሳ ከሰል ባደረበት ቤት ከተገኘ መጀመሪያ በርና መስኮት ይከፈት። ማንደጃው ይውጣ። አብሮት ያደረ ሰው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ራሱን ካመመው ወይም ካዞረው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ልጆችና ነፍሰ ጡር ይቅደሙ። ለቅሶ የሚያድሩት ሰዎችም ያንኑ ማንደጃ በዝግ ቤት ከበው እንዳይቀመጡ። ጸሐፊው ይሄን ሬሳ አይተው ምስጋና ሊያቀርቡ ሲዘጋጁ በሚቀጥለው ክፍል አንድ ልጅ እያንቀላፋ ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ ቅላት ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ብርድ ላይ ያደረ ሬሳም ሊቀላ ይችላል። ጽድቁን ግን ለባለቤቱ እንተወው።

ስለ ደሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሥራ አያቆሙም፤ ጋዝ ያመነጫሉ። ጋዙ ሆዱን ይነፋል፣ ሳንባንም ይጫናል። ሳንባና ጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ በአፍና በአፍንጫ ይወጣል። ሬሳው ሲነሣ፣ ሲገላበጥ፣ ሲታጠብ ይብስበታል። ሬሳውን የሚያነሣው ማን ነው? ልጁ፣ ወንድሙ፣ ባሏ። ፊቱ ላይ ተደፍቶ የሚያለቅሰውስ? እነሱው። ስለዚህ በጸሐፊው ሕግ «ገዳይ» የሚሆነው ሁልጊዜ በጣም የሚወደው ሰው ነው። እውነተኛው ገዳይ ቢኖር እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።

ይሄ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተጠርጣሪውን ሬሳው አጠገብ ያቆሙትና ደም ይወጣ እንደሆነ ይጠብቁ ነበር። ፍርድ ቤት ሳይቀር ይሠራበት ነበር። ትተውታል። እኛ አሁን በስልክ ልንጀምረው ነው።

ደሙ ሌላም መነሻ ሊኖረው እንደሚችል አልክድም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት ደም ያወጣሉ። ያንን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሽታው። ጸሐፊው ብዙ ገጽ የፈጁበት ይሄ ነው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጠዋት ሞቱ እንበል። አንዱ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንዱ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ሰፈር። የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል። ኮምቦልቻ ያለው ወንድም ቀድሞ ይሸታል። በሥራው ነው? ደሴ ያለውን ከሞተ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ብናወርደው ኃጢአቱ ሊጨምር ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞት ሲደርስ የገላ ሕዋሶች በራሳቸው ኢንዛይም መፍረስ ይጀምራሉ። ቆሽት ቀዳሚ ነው፤ ድሮም ሥራው ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ማምረት ስለሆነ ራሱን ይፈጫል። ከዚያ ባክቴሪያ ይከተላል። አንድ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ነው። በሕይወት እያለን የሰውነት መከላከያ ይይዛቸዋል። ሲቆም ይወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ በቀኝ በኩል ከታች ሆድ ላይ፣ ትርፍ አንጀት ባለበት አካባቢ፣ አረንጓዴ ነገር ይታያል። እዚያ ጋ አንጀቱ ለቆዳው ቅርብ ነው፣ ባክቴሪያውም ብዙ ነው። እሱንም «መርዝ ነው» የሚል አለ። አይደለም። ከዚያ ሆድ ይነፋል፣ የደም ሥሮች በቆዳ ላይ እንደ ካርታ መስመር ይወጣሉ፣ ቆዳው ይላጣል።

ሽታውን ከሚሰጡት ነገሮች መካከል ፑትረሲንና ካዳቨሪን የተባሉ ኬሚካሎች አሉ። ሉድቪግ ብሪገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1885 እ.ኤ.አ. ነው የገለጻቸው። የሚመጡት ከፕሮቲን መፍረስ ነው። ፕሮቲን ደግሞ የቄሱም የሼኩም የሌባውም ገላ ውስጥ አለ።

ታዲያ ለምን ይለያያል? ሙቀት ዋናው ነው። ወፍራም ሰው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ የተደረበበት ሬሳም እንዲሁ። ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቶ የሞተ ሰው ቶሎ ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ከሞት በፊት ገላው ውስጥ ተሰራጭቷልና። ዝናብ፣ እርጥበት፣ ዝንብ፣ ቁስል፣ ሁሉም የራሱ ድርሻ አለው። ለሕክምና ብዙ ቀን ሆስፒታል ተኝታ በኢንፌክሽን የሞተች እናት በማግስቱ ስትሸት «እንደ ሥራዋ» የሚል ጽሑፍ ልጆቿ እጅ ሲገባ አስቡት። እኔ አልችልም፤ ያናድደኛል።

ትሉም ያው ነው። ትል ከሰው ውስጥ አይወለድም። ዝንብ ዕንቁላል ይጥላል፣ ዕንቁላሉ ይፈለፈላል። ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ሬዲ በ1668 እ.ኤ.አ. ሥጋን በዕቃ ውስጥ አድርጎ ከፊሉን ከድኖ፣ ከፊሉን ክፍት ትቶ አሳየው። የተከደነው ላይ ትል አልወጣም። ሬሳውን ንጹሕ ነጠላ ማልበስና በር ላይ መጋረጃ ማድረግ ከብዙ ትንታኔ ይሻላል።

ያልሸተተውስ? ስለ ቅዱሳን አጽም የሃይማኖት አባቶች ይናገሩ፤ እዚያ አልገባም። እኔ የምለው ሬሳ ሳይበሰብስ የሚቆይበት በቂ ምድራዊ ምክንያት እንዳለ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ገላው ውሃውን አጥቶ ይደርቃል፤ ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይሠራም። በወሎ ምድር ከላሊበላ ወጣ ብሎ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በዋሻው ውስጥ ያለውን የብዙ ሰዎች ቅሪት አይቷል። ዘመን አልፎባቸው ቆዳቸው ደርቆ የቀረ አሉ። በተቃራኒው ውሃ የሚቋጥርና አየር የማይገባው መቃብር ውስጥ የገላው ስብ ሰም ወደሚመስል ነገር ይለወጣል። ይሄም መልኩን ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። አፈር ራሱ ነገሩን ያዘገየዋል። ካስፐር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወው ግምት አለ፦ አየር ላይ አንድ ሳምንት የሚፈጀው መበስበስ ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ መሬት ውስጥ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ግምት ነው፤ ሁሌም አይሠራም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ከዓረብ አገር ስለሚመጣው አስከሬን ጸሐፊው ያሉት ደግሞ አሳዝኖኛል። «ሰንብቶ መጥቶ ሽታ የለውም፣ ተአምር ነው» ይላሉ። ከዚህ አካባቢ ስንት ልጅ በሥራ ፍለጋ እንደሄደ እናውቃለን። አስከሬን በአውሮፕላን ከመላኩ በፊት በማቀዝቀዣ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ፎርማሊን በደም ሥር ይሰጠዋል። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፕሮቲኑን ያደርቃል። ልጅቷ እንዴት ሞተች የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ «ተአምር» ተብሎ ከተሸፈነ ለቤተሰቧ ምን ጠቀማቸው?

በበሽታ ስለመበከሉ አጭር መልስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ተቋማት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ በአደጋ የሞቱ ሰዎች ሬሳ ወረርሽኝ እንደማያስነሣ ጽፈዋል። ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ አንድ ሌሊት ያደረ ሬሳ ሰፈር አይበክልም። ኮሌራና ኢቦላን የመሰሉ በሽታዎች ለብቻቸው ናቸው፤ እነሱ ሲኖሩ ጤና ባለሙያ ሳይመጣ ገላው አይነካ። ከዚያ ውጭ የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ቁስል ካለው ይሸፍን፣ ሲጨርስ በሳሙና ይታጠብ። ጓንቱን ጸሐፊውም ጠቅሰውታል፤ እደግፋለሁ።

ጥፍርና ፀጉር ከሞት በኋላ አያድጉም። ለማደግ ስኳርና ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱም ተቋርጠዋል። ቆዳው ሲደርቅ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ጥፍሩ ረዘም ብሎ ይታያል፣ አገጭ ላይ የነበረ ጺም ብቅ ይላል። በሕይወት ያለ ሰው የእጅ ጥፍር እንኳ በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በሦስት ቀን የሚታይ ነገር ከየት ይመጣል?

ሬሳው ሲገለበጥ የሚሰማው ድምፅም ሳንባ ውስጥ የቀረ አየር በጉሮሮ ሲወጣ ነው። ጡንቻ ከሞት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አሁን የታረደ በሬ ሥጋ ሲርገበገብ ያላየ የወሎ ሰው የለም፤ በሬው ግን ሞቷል። ሁሉም የገላ ክፍል በአንድ ደቂቃ አይሞትም። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጎዳት ይጀምራል። የዓይን ብሌን ግን ለሰዓታት ይቆያል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ቃል ከገቡ ሰዎች ብሌን ወስዶ ለሌሎች ማድረስ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከሦስት ቀኑ ተረት ይልቅ ጸሐፊው ይሄን ቢጽፉ ደስ ይለኝ ነበር፦ ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት፣ በተለይ በድንገት ከሆነ፣ ሞቱን ባለሙያ ያረጋግጥ። ትንፋሹ፣ የልቡ ምትና ዓይኑ ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ቢያንስ 5 ደቂቃ ታይቶ ነው «አረፈ» የሚባለው። ስኳሩ የወረደበት፣ በብርድ የደነዘዘ፣ መድኃኒት ያደነዘዘው ሰው ሞቶ ሊመስል ይችላል።

21 ግራሙ? ዳንካን ማክዱጋል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሊሞቱ የተቃረቡ ስድስት ሰዎችን አልጋቸው ሚዛን ላይ አድርጎ መዘነ። 21 ግራም የቀነሰው የአንዱ ብቻ ነው። የሁለቱን ውጤት ራሱ ጣለው፤ የቀሩት እርስ በርስ አልገጠሙም። በ15 ውሾችም ሞክሮ ምንም ቅናሽ አላየም። ጸሐፊው አንዱን ሰው ይዘው አምስቱን ሰውና አሥራ አምስቱን ውሻ የት እንዳደረሷቸው አልነገሩንም።

የመጨረሻው ምክራቸው ቀረ። በእውነት የሚያጠራጥር አሟሟት ሲያጋጥምስ? ያጋጥማል። ጥርጣሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከገላው ውጭ ካለው ነገር ነው፦ ሰውዬው ማን ጋር አመሸ፣ ምን በላ፣ ቤቱ ምን ይመስል ነበር፣ ማን ሲዝትበት ነበር። እንዲህ ሲሆን የቅሬው ሥራ መመርመር አይደለም። ለፖሊስ መናገርና ቀብሩን ማቆየት ነው። የአስከሬን ምርመራ ይደረግ የሚለው በፖሊስና በሕግ በኩል ይወሰናል። ድሮ ለዚህ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሬሳ ይጫን ነበር፤ ቤተሰብ ይሄን ፈርቶ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ ወሬው ለዓመታት ይከተላቸዋል።

ፖሊስ እስኪመጣ ሬሳው አይታጠብ፣ አይገነዝ፣ አይከፈን። ውሃው ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ካለበት አይነሣ። ኩባያው፣ ጠርሙሱ፣ የመድኃኒት ልጣጩ ባለበት ይቆይ። ልብሱ ከወለቀ አይታጠብ። እርጥብ ከሆነ ነፋስ ይንካውና በወረቀት ይጠቅለል፤ በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል፣ ከደሙ የሚገኘው ማስረጃም ይበላሻል።